ምዕራፍ 6፦ የሚከብደው መውረዱ ነው

ደረጃ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው መውጣቱን ነው። ትንፋሽ የሚያሳጥረው፣ መሐል ላይ አስቁሞ «እስቲ ልረፍ» የሚያሰኘው እሱ ነውና። ለልብና ለሳንባ ከሆነ እውነት ነው፤ መውጣት ይከብዳል። ሰው የሚሰበረው ግን ሲወርድ ነው። በደረጃ ላይ ከሚያጋጥሙት አወዳደቆች አብዛኞቹ፣ በተለይም ከባዶቹ፣ ቁልቁል ሲሄዱ የሚደርሱ ናቸው።

ሽቅብ ስንወጣ የጭናችን ጡንቻ እየተኮማተረ ወደ ላይ ይገፋናል። ቁልቁል ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየተሳበ ፍሬን መያዝ አለበት፤ ሙሉውን ክብደት በአንድ እግር ተሸክሞ፣ ጉልበትን ቀስ እያለ እያጠፈ፣ ሁለተኛው እግር ቀጣዩን ደረጃ እስኪረግጥ ድረስ። መለኪያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ ጉልበት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ እንደታየው፣ በዚያች ቅጽበት ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውየው ክብደት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። 70 ኪሎ የሚመዝኑ እናት በእያንዳንዷ ደረጃ ከ200 ኪሎ በላይ በአንድ ጉልበት ይችላሉ ማለት ነው። የ30 ዓመት ሰው ይህን ልብ አይለውም። ልም አጥንቱ ያለቀበት ጉልበት ግን በየደረጃው ያስታውሳል።

ዓይንም አለ። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለማንበብ የሚሆን መስታወት ያለው መነጽር ያደረገ ሰው ወደ እግሩ ሲያይ የሚያየው በማንበቢያው በኩል ነው፤ ስለዚህ የደረጃው ጠርዝ ይደበዝዝበታል። ስኳር ያለበት ሰው የእግሩ ጣት የረገጠውን በደንብ ላይነግረው ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጠው የሚያሸና ኪኒን ሌሊት ከአልጋ ያስነሳል፤ ድንገት ሲነሱ ደግሞ ራስ ያዞራል። ረጅም ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ተረከዙ የወለቀ ነጠላ ጫማ ይጨመርበት። ሽቅብ ሲሄድ የተደናቀፈ ሰው እጁን ቢዘረጋ ፊት ለፊቱ ያለውን ደረጃ ያገኛል። ቁልቁል የሚሄደው ግን ከፊቱ የሚይዘው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እንደሚለው ደግሞ በዚያ አገር 65 ዓመት ከሞላቸው ከአራት ሰዎች ከአንድ በላይ በየዓመቱ ይወድቃል፤ ለሐኪማቸው የሚናገሩት ከወደቁት ከግማሽ ያነሱ ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነገር ነው። የእኛን እናቶች የሚያውቅ ሰው ግን አይገረምበትም። ወድቀው ተነስተው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ ቡና ያፈላሉ። ልጅ ማታ ሲገባ እጃቸው ላይ የበለዘ ነገር ያያል፤ «ምን ሆነው ነው?» ሲል «ምንም፣ በሩ ገጭቶኝ ነው» ይሉታል።

አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያለው አንባቢ ቤቱን ያውቀዋል። ታውንሃውስ ነው፤ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ የተሠራ። ከታች ጋራዥና ቤዝመንት፣ መሐል ላይ ሳሎንና ኩሽና፣ ከላይ መኝታ ቤቶች። በየፎቁ መካከል 13 ወይም 14 ደረጃ አለ፤ ብዙ ጊዜ ምንጣፍ የለበሰ፣ መደገፊያውም በአንድ በኩል ብቻ። መሐለኛው ፎቅ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል መጸዳጃና እጅ መታጠቢያ እንጂ ሻወር የላትም። ገላ የሚታጠቡት ላይ፣ የሚተኙት ላይ ነው። ቡናው ግን ታች ነው፤ እንግዳ የሚቀመጠው ታች ነው፤ የልጅ ልጅ ቦርሳውን ጥሎ «አያቴ!» የሚለውም ታች ነው።

የልጅ ልጅ ለማሳደግ በ60ዎቹ ዕድሜያቸው የመጡ እናት ይህን ቤት መጀመሪያ ላይ ሕፃን አዝለው ይወጡ ይወርዱበታል። ዓመታት ሲያልፉ ሕፃኑ ጎረምሳ ይሆናል፣ የእሳቸው ጉልበት ደግሞ ይደክማል። ያኔ ቤተሰቡ መላ መምታት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው መላም ሁልጊዜ ያው ነው። አልጋቸውን ሳሎን እናውርደው!

ይህ መላ ርካሽ ይመስላል። ግን ምን እንደሚወስድ እንይ። ሳሎን ውስጥ የሚተኛ ሰው በር የለውም። እንግዳ እስኪሄድ መተኛት አይችልም፤ ልጆቹ ቴሌቪዥን እስኪያጠፉ ይጠብቃል፤ ሌሊት ተነስቶ ዳዊቱን ሲደግም ወይም ሲሰግድ ኩሽና ውኃ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ያየዋል። ልብሱ ላይ ቀርቷል፣ ሻወሩም ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ ደረጃው አልቀረም፤ በሳምንት ወደ ሁለት ጊዜ ዝቅ አለ እንጂ። ደግሞም ሳሎን ያለ አልጋ ለመጣ ሰው ሁሉ «እዚህ ቤት በሽተኛ አለ» ብሎ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰው ቆመው የሚያስቀድሱ እናት በገዛ ሳሎናቸው በሽተኛ ይሆናሉ።

ሁለተኛው መላ ደግፎ ማውረድ ነው። ልጅ ይቀድማል ወይም ይከተላል፣ ክንድ ይይዛል። ሰው ቤት በዋለበት ቀን ይሠራል። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ አንዱ ሌሊት ሆስፒታል ሲሠራ ሌላው ቀን ይሠራል፤ የተኛን ልጅ ቀስቅሶ «ውረድና አውርደኝ» ማለት ደግሞ የእኛ እናቶች ጠባይ አይደለም። ሰው ላለማስቸገር ሲሉ ብቻቸውን ይሞክሩታል። አንዳንዶቹ ደግሞ ላለመሞከር ሲሉ ጠዋት አንዴ ወርደው እስከ ማታ ታች ይውላሉ፣ ውኃም የሚጠጡት በልክ ነው፤ መጸዳጃ ላለማብዛት። አንዳንዶቹ ጭራሹን አይወርዱም። ማንም ሳይከለክላቸው ቤታቸው አንድ ክፍል ብቻ ይሆናል።

ስቴር ሊፍት፣ ማለትም በደረጃው ጠርዝ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ሰው አስቀምጦ የሚወጣና የሚወርድ ወንበር፣ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መውደቅን መከላከሉ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክደውም። እኔ ግን ከዚያ አስቀድሜ የምቆጥረው፣ መቼ እንደሚወጡና መቼ እንደሚወርዱ የሚወስኑት እናቲቱ ራሳቸው መሆናቸውን ነው። ወንበሩን ማንም አይለምነውም፤ ቢመላለሱበትም ይሉኝታ የለበትም። መነጽር ረስተው ቢመለሱ፣ ጠባቡን ሹራብ በሰፊው ሊቀይሩ ቢያስቡ፣ ከሰዓት በኋላ ጎናቸውን ላሳርፍ ቢሉ፣ ማንንም ሳያስጠሩ ሄደው ይመለሳሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፔንሲልቫንያ ይኖር የነበረ ሲ. ሲ. ክሪስፐን የሚባል ሰው የታመመ ወዳጅ ነበረው፤ ወዳጁ ከፎቅ ወደ ፎቅ መውረድ አቅቶታል። ክሪስፐን ምሕንድስናን በራሱ የተማረ ሰው ነበር። ሐዲድ፣ ታጣፊ ወንበር፣ የእግር ማሳረፊያና ኤሌክትሪክ ሞተር አገጣጥሞ የመጀመሪያውን ወንበር ሠራ፤ «ኢንክሊኔተር» አለው፤ ድርጅቱም በዚሁ ስም ተቋቋመ። ጊዜው ፖሊዮ አሜሪካን የሚያስጨንቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በፖሊዮ የተያዘው ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ሃይድ ፓርክ ባለው የቤተሰቡ ቤት ለሻንጣ ማመላለሻ በተሠራች የእጅ ሊፍት ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበሩን አስገብቶ ገመዱን በራሱ ክንድ እየጎተተ ይወጣ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ የዕቃ ማንሻ ሲሠራ የኖረው የስታና ቤተሰብ ድርጅት ደግሞ በ1975 ወደ ደረጃ ወንበር ገባ፤ ዛሬ በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ብዙ ሰው ወንበሩ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ይመስለዋል፤ «የአሜሪካን ቤት ግድግዳ ካርቶን ነው፣ እንዴት ይችላል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሐዲዱ የሚታሰረው በደረጃዎቹ መርገጫ ላይ ነው፤ ግድግዳው ምንም አይሸከምም። በሐዲዱ ርዝመት ጥርስ አለ፤ ከወንበሩ ሥር ባለው ሞተር የሚሽከረከር ጥርሳም ጎማ እየነከሰው ይሄዳል። ጥርስ በጥርስ ስለሆነ መንሸራተት የለም፤ ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ራሱን የቻለ መያዣ ወንበሩን ሐዲዱ ላይ ይቆልፈዋል። የአውሮፓ መስፈርት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ15 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይከለክላል። 13 ደረጃ ያለው ሐዲድ አራት ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ችኩል ጎረምሳን ያሰለቻል፤ ለተቀማጩ ግን ልኩ ነው።

መንጃው የክንድ ማሳረፊያው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ዘንግ ናት። ወንበሩ የሚሄደው ዘንጓን ይዘው እስካሉ ድረስ ብቻ ነው፤ ከለቀቋት ይቆማል። እጅ ሪህ የያዘው ሰው እንዳይቸገር በጣት ሳይሆን በመዳፍ ወይም በክርን ገፋ ማድረግ ይበቃል። በእግር ማሳረፊያው ዙሪያ የሚነካ ነገር ሲያገኝ የሚያቆም ጠርዝ አለ፤ ደረጃ ላይ የተረሳ የልጅ መጫወቻ ወይም የተኛ ድመት ቢኖር ወንበሩ ነክቶ ይቆማል። ቀበቶ አለው። ቀሚስና ነጠላ ግን ሰብሰብ አድርጎ ጭን ላይ መያዝ የግድ ነው፤ ይህን የሚገጥመው ባለሙያ ላያነሳው ይችላል፤ የሐበሻ ቀሚስ አያውቅምና።

ለእኔ ከሁሉም ክፍል ብልህነት ያለው መዞሪያው ነው። ወንበሩ ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ወደ ኮሪደሩ ይዞራል፤ ይቆለፋልም። ሰውየው የሚነሳው በጠንካራ ወለል ላይ፣ ገደሉ ከኋላው ተዘግቶ ነው። ደረጃ በጣም አደገኛ የሚሆነው ጫፎቹ ላይ፣ በተለይ ከላይኛው ጫፍ ሲጀምሩ ስለሆነ፣ ይህ መዞሪያ የሌለውን ወንበር በርካሽ ቢያገኙትም አልመክርም።

መብራትስ ሲጠፋ? ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ የሚሠሩት በባትሪ ነው። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው መብራት ሥራው ባትሪዎቹን መሙላት ብቻ ነው፤ የሚሞላውም ወንበሩ ሐዲዱ ጫፍ ላይ ሲቆም ነው። መብራት ቢጠፋም ባትሪው በርካታ ጊዜ ያመላልሳል። ከዚህ የተነሳ አንድ የተለመደ ብልሽት አለ፦ ልጆች በሪሞት ሲጫወቱበት መሐል ደረጃ ላይ ትተውት ይሄዳሉ፤ ወንበሩ እዚያው ይውላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ «ተበላሸ» ተብሎ ባለሙያ ይጠራል። ማሽኖቹ ይህን ለማስጠንቀቅ ጢጥ ጢጥ ይላሉ፤ ድምፁ ምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ መንገር ነው። ከወንበሩ ጋር የሚሰጥ መቆለፊያ ቁልፍም አለ፤ የልጅ ልጅ ያለበት ቤት ይጠቀምበት።

ዋጋው የሚወሰነው በደረጃው ቅርጽ ነው። ቀጥ ያለ ደረጃ ከሆነ ሐዲዱ ከመጋዘን መጥቶ፣ እቤት ውስጥ በልክ ተቆርጦ፣ በጥቂት ሰዓት ይገጠማል። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር ያወጣል። ደረጃው ከታጠፈ ወይም መሐሉ ላይ ማረፊያ ካለው ግን ሐዲዱ ለዚያ ቤት ብቻ ተለክቶ፣ ፋብሪካ ገብቶ ይታጠፋል፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ዋጋውም በቀላሉ ከ10,000 ዶላር ያልፋል። ልዩነቱ ሲሸጡም ይመጣል። ቀጥ ያለውን ሲጨርሱበት የሚገዛ ይገኛል፤ ያገለገለውን ወይም የኪራይ ማግኘትም ይቻላል። ለአንድ ቤት የታጠፈ ሐዲድ ግን ሌላ ቤት አይገባም። ስለዚህ ወላጅ ለማምጣት ያሰበ ቤት ገዢ፣ ደረጃው ቀጥ ያለ መሆኑን ከኩሽናው ድንጋይ እኩል ልብ ቢለው ይጠቀማል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ ቶሎ ተስፋ የሚያስቆርጠውን ላስቀድም፦ የአሜሪካው የአረጋውያን ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ለስቴር ሊፍት አይከፍልም፤ የቤት ማሻሻያ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ሐኪም ካዘዘ ከተቀመጡበት ለሚያነሳ ሶፋ ማንሻውን ይሸፍናል፤ ደረጃ ላይ ለሚያወጣው ወንበር ግን አይሸፍንም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው ሜዲኬይድ ያላቸው ግን አረጋውያን ነርሲንግ ሆም ሳይገቡ እቤታቸው እንዲቆዩ በየክፍለ ግዛቱ በተዘጋጁት ፕሮግራሞች በኩል ሊያገኙት ይችላሉ፤ ጉዳያቸውን የያዘውን ሠራተኛ (ኬዝ ማኔጀር) አጥብቆ መጠየቅ ነው። አውሮፓ ያሉት የተሻለ ዕድል አላቸው። እንግሊዝ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ልኮ ቤቱን ካየ በኋላ፣ ገቢ ታይቶ፣ እስከ 30,000 ፓውንድ የሚደርስ የአካል ጉዳተኞች የቤት ማሻሻያ ድጎማ ይሰጣል። ጀርመን ውስጥ የእንክብካቤ ደረጃ የተሰጠው ሰው ከእንክብካቤ ኢንሹራንሱ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ እስከ 4,180 ዩሮ ያገኛል። ስዊድን ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠው የቤት ማሻሻያ ድጎማ ገቢን አይጠይቅም። በሁሉም ቦታ አንድ ደንብ ይሠራል ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ማመልከት፣ ከዚያ መግዛት። ገዝቶ ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ተቃውሞው ከኪስ ብቻ አይመጣም። «እንቅስቃሴ ካቆመች ጡንቻዋ ይሞታል» የሚል ልጅ ወይም ሐኪም አለ፤ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ደረጃ መውጣት ጥሩ ስፖርት ነው። ግን ምዕራፉ የተጀመረበትን እናስታውስ፤ ስፖርቱ ያለው መውጣቱ ላይ ነው፣ ስብራቱ ያለው መውረዱ ላይ ነው። ጉልበታቸው ገና የሚያወጣቸው እናት መደገፊያውን ይዘው፣ ሰው ቤት ባለበት ሰዓት በእግራቸው ይውጡ፤ ሲወርዱ ይቀመጡ። ይህን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይቷቸው ቢወስን ይመረጣል። ወንበሩ ስለተገዛ ብቻ ሁልጊዜ መቀመጥ አለባቸው የሚል ሕግ የለም።

የማይሆንለትም ሰው አለ። ራሱን ችሎ መቀመጥና መነሳት የማይችል፣ ወይም የመርሳት በሽታው ጠንቶ መንገዱ መሐል ቀበቶውን ፈትቶ ሊነሳ የሚችል ሰው ብቻውን ሊጠቀምበት አይገባም። በዎከር ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደግሞ ላይኛው ፎቅ ሁለተኛ ዎከር ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ያለበለዚያ ላይ ሲደርስ የሚደገፈው ያጣል። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ የምትታወሰው ወንበሩ ከተገጠመ በኋላ ነው። ደረጃው ከ70 ሳንቲ ሜትር ከጠበበ ቦታ አይኖርም ማለት ይቻላል፤ ሐዲዱ ታች ጫፍ ላይ በር የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የሚታጠፍ ሐዲድ መጠየቅ ነው፣ ዋጋ ቢጨምርም።

ትልቁ ተቃዋሚ ግን እናቲቱ ራሳቸው ናቸው። «አሮጊት አደረጋችሁኝ እንዴ?» ይላሉ፤ ወይም «ገንዘባችሁን ለልጆቹ ትምህርት አውሉት፤ ለእኔ ለቀረችኝ ዕድሜ!» እዚህ ላይ በዕድሜ ወይም በአወዳደቅ አስፈራርቶ ማሳመን አያዋጣም፤ ያስኮርፋል። ልጆች «እርስዎ እንዳይወድቁ» ማለታቸውን ትተው «እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ እንዳልጨነቅ» ሲሉ ነገሩ ይለወጣል፤ ለራሳቸው የማይቀበሉትን ለልጅ ሲሉ ይቀበላሉና። ከተገጠመም በኋላ መጀመሪያ ላይ የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ሲያወርዱበት ይታያሉ፤ ቅርጫቱ ወንበሩን ከፈተነው በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው ይቀመጣሉ። ሰው ካልተቀመጠበት በቀር ዕቃ አይጫንበትም ይላል መመሪያው፤ ስለዚህ ቅርጫቱን ጭን ላይ ይዞ መውረድ መልካም መታረቂያ ነው።

አዲስ አበባስ? አያት ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ጂ+1 ቪላ ያለው ሰው ከዲያስፖራው ወንድሙ ብዙም አይለይም፤ የመብራቱን መቆራረጥ ባትሪው ይችለዋል። የሚቸግረው ጥገናው ነው፤ የሚያውቀው ባለሙያ ከሌለ፣ መለዋወጫውም ከውጭ የሚጠበቅ ከሆነ፣ አንድ የተቃጠለ ሰሌዳ ወንበሩን ለወራት የልብስ ማስቀመጫ ያደርገዋል። የሚያስመጣ ሰው ባትሪውን አገር ውስጥ በሚገኝ ልክ ይምረጥ፤ ቀጥ ያለውንና ቀላሉን ሞዴል ይያዝ።

ኮንዶሚኒየም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሊፍት በሌለው ጂ+4 ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ደረጃ ያስቸግራቸዋል ብሎ ስቴር ሊፍት ማሰብ ከጅምሩ አያስኬድም። ደረጃው በየፎቁ መሐል ይታጠፋል፤ ስለዚህ በየማረፊያው የሚታጠፍ ረጅም ሐዲድ ይፈልጋል። ለዝናብና ለአቧራ የተጋለጠ ነው። ደግሞም ደረጃው የጋራ ንብረት ነው፤ ያለ ባለቤቶቹ ማኅበር ፈቃድ ሚስማር እንኳ አይመታበትም፤ ሬሳ ሳጥንም፣ ሶፋም፣ የጋዝ ሲሊንደርም የሚወጣው የሚወርደው በዚያው ነው። እዚያ የሚያዋጣው ቤት መለዋወጥ ነው፦ የላይኛውን አከራይቶ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ መከራየት። ይህን ማድረግ የሚቀለው ደግሞ ሽማግሌው ገና በራሳቸው እግር ወርደው አዲሱን ቤት አይተው፣ ጎረቤቱን ጠይቀው፣ «ይህ ይሆነኛል» ማለት በሚችሉበት ጊዜ ነው።